አራት ቆጠራ

ዊሶ የተባረረው የባንዱን መሪ «ማኤስትሮ፣ ክላቬው ተገልብጧል» በማለቱ ነው። ይህን የነገረኝ ኢላሪዮ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት፣ ልምምዱ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ የጓያማ ከተማ ተወላጆች ማኅበር ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጋራውን እየጨረሰ።

«ስምንት ዓመት ፒያኖ ተጫውቶለታል» አለኝ። «ስምንት ዓመት ሙሉ! ያቺን አንዲት ነገር ተናገረ፤ ማኤስትሮው ተነሣ፣ የዊሶን ኮፍያ ከመስቀያው አወረደና በእጁ አስያዘው። በቃ። አንተስ አሁን ምን ታደርጋለህ?»

«ምን ላድርግ?»

«ኖታው ላይ ያለውን ትጫወታለህ። ኖታው ላይ የቲማቲም ጠብታ ብታገኝ ጠብታዋንም ትጫወታለህ።»

ኢላሪዮ የባንዱ ቲምባሌስ መቺ ነበር፤ በብረት እግር የቆሙ ሁለት ከበሮዎችና በመሃላቸው የተሰካ ደወል። ሃምሳን አልፏል፤ አራት ሴቶች ልጆች አሉት። ከባንዱ ሰዎች መካከል አዲስ መሆኔን አይቶ ሰላም ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስሜ አንሴልሞ ቪያፋኜ ነው፤ ሰፈሩ ግን ቼሞ ነው የሚለኝ። በዚያ ዓመት፣ በእኛ ሰፈር በኤል ባሪዮ፣ ከሜሮ ሮሳዶ ባንድ የሚበልጥ ባንድ አለ የሚል ሰው ጠብ ፈልጎ ነው። እኔ የተጠራሁት ለሙከራ ነበር። የእሑዱን የከሰዓት ዳንስ አሳምሬ ከተጫወትኩ የፒያኖው ወንበር የእኔ ነው። ካልሆነ ሰኞ ጠዋት አባቴ ወደሚሠራበት ላውንደሪ እገባለሁ፤ ቦታ ተይዞልኛል፣ ሽርጥ ሳይቀር ተመርጦልኛል።

አባቴ ዶን ኡባልዶ በደሴታችን በፖንሴ ከተማ ሳለ ከበሮ መቺ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ከበሮዎቹን ሸጦ እኔን በአራት ዓመቴ ይዞ መርከብ ተሳፈረ። ኒው ዮርክ ከገባን ወዲህ ከበሮ ነክቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ የእንፋሎት መተኮሻ ሥር ቆሞ የሰው ሸሚዝ ይተኩሳል፤ ማታ መጥቶ ሩዝና አተር ያበስላል። ጸሎት ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ክላቬን ግን እንደ ጸሎት ያስተማረኝ እሱ ነው።

ክላቬ አምስት ምት ነው። ሁለት ጠንካራ እንጨቶች ሲጋጩ ትሰማዋለህ፤ እንጨቶቹ ባይኖሩም እሱ አለ። ሦስቱ ምት በአንዱ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው ወገን ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ወገን አራት ቆጠራ ይፈጃል። ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ እንደገና ሦስት፣ እንደገና ሁለት፣ ሙዚቃው እስኪያልቅ። መሃል ላይ አንዱን ወገን የዘለልክ እንደሆነ ከበሮው ሦስቱ ጋ ሲደርስ ትራምፔትና ትሮምቦን ነፋሾቹ ሁለቱ ጋ ይሆናሉ፤ ዳንሰኛው የትኛውን እንደሚረግጥ ይጠፋዋል። መገልበጥ የምንለው ይህንን ነው። ሌላ አገር ይህ ጥቃቅን ስሕተት ይሆን ይሆናል። እኛ ሰፈር በሰው ሠርግ ላይ ሱሪ ሳይለብሱ እንደ መገኘት ነው።

የምንኖረው አምስተኛ ፎቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከገበያ ስንመለስ አባቴ ከኋላዬ ሆኖ በምላሱ ጧ ጧ እያደረገ አምስቱን ምት ይመታል፤ እኔ በምቱ ላይ እየረገጥኩ ደረጃውን እወጣለሁ። ከሳትኩ ሁለታችንም እስከ መንገዱ ድረስ ወርደን ከመጀመሪያው እንጀምራለን። አንድ የሐምሌ ቀን ሦስት ጊዜ ወረድን። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ በሯን ከፍታ «ዶን ኡባልዶ፣ ልጁን ተወው፣ እጅህ ላይ ያለው ዓሣ እኮ ሊናገር ነው!» አለችው። አባቴ ዓሣውን አሸተተና «ገና ነው» ብሎ አራተኛውን አስጀመረኝ።

ፒያኖን የተማርኩት በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ፓስተሩ መዝሙር እስካጀብኩለት ድረስ ግራ እጄ የዳንስ ምት ሲመታ እንዳላየ ይሆን ነበር። ቤታችን ፒያኖ የለም። አባቴ ከላውንደሪው የተሰበረ የልብስ መተኮሻ ሳንቃ አመጣልኝና ቁልፎቹን በቀለም ሣልኩበት። ሰማንያ ስምንቱን ሳንቃው አልችል ብሎ ስድሳ ብቻ ነው የሣልኩት፤ ወፍራም ድምፅ ያላቸውን የግራ ቁልፎች ተውኳቸው። ትምህርት ቤት ስጨርስ ጓደኛ የሚባል አልነበረኝም። ከሰዓት ከሰዓት ወደ ላይ፣ ወደ ሃርለም፣ በእግሬ እሄድና ጥቁሮቹ የሚጫወቱበት ቤት መስኮት ሥር እቆማለሁ። ኮርዳቸው፣ አንድ ላይ የሚመቷቸው ድምፆች፣ የተለየ ነው፤ ሊዘጋ ነው ብለህ የጠበቅከው በር ሌላ ክፍል ላይ ይከፈታል። ተመልሼ ሳንቃዬ ላይ፣ ያለ ድምፅ፣ ያንን ኮርድ በአባቴ ክላቬ ላይ አስቀምጠዋለሁ። በጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ የሚሰማ ሙዚቃ ይዤ ዓመታት አሳለፍኩ።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ማኅበሩ አዳራሽ ገብቼ በእውነተኛ ፒያኖ ፊት ተቀመጥኩ።

ማኤስትሮ ሜሮ ረጅም ነው፤ ጢሙ በማስመሪያ የተሠራ ይመስላል። ትራምፔቱን እንደ ሕፃን ክንዱ ላይ አስተኝቶ ኖታዎቹን ራሱ አደለ። የመጀመሪያው «ካጓስ» ነበር። «ካጓስ»ን የማያውቅ የለም። መሃሉ ላይ ባንዱ በሙሉ ዝም ይላል፤ ሜሮ ብቻውን አንድ ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ ይዞ ስምንት ቆጠራ ይቆያል። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይገባሉ። ሰው የሚመጣው ለዚያች ድምፅ ነው። ሴቶች ማራገቢያቸውን ያቆማሉ፤ ወንዶች በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ስምንተኛው ላይ አዳራሹ ይጮኻል።

ኖታው ላይ ግን ከስምንቱ አራቱ በእርሳስ ተሰርዘዋል።

«አጠር አድርጌዋለሁ» አለ ማኤስትሮው ማንንም ሳያይ። «ረዝሟል። አራት ቆጠራ፣ ከዚያ ትገባላችሁ።»

ተጫወትን። እሱ አራት ያዘ፣ እኛ ገባን። በጨለማ ደረጃ ስትወርድ አለ ብለህ የረገጥከው ደረጃ ሲታጣ እንደሚሆነው ሆነብኝ። አንድ ወገን ተዘሏል። ነፋሾቹ ሦስቱን ሲሉ የኢላሪዮ ደወል ሁለቱን ይል ነበር። ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። አሥር ሰው አሥር ጥንድ ጫማ ላይ አፍጥጧል። ጎርዶ፣ ያ ወፍራሙ የቤዝ ተጫዋች፣ ቤዙን አቅፎ ዓይኑን ጨፍኗል።

ስንጨርስ ማኤስትሮው «ችግር አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሁሉም ወረቀቱን መደርደር ጀመረ።

«አዲሱ?»

«የለም፣ ማኤስትሮ» አልኩ።

ጎርዶ ዓይኑን ሳይገልጥ ሳል ሳል አደረገ። ሳሉ ስድብ ይመስል ነበር።

ዕቃ ስንሰበስብ ኢላሪዮን ጥግ ላይ ያዝኩት። «አንተ እኮ ደወሉን ልትገለብጠው ትችላለህ። ነፋሾቹን ትከተላለህ።»

«እችላለሁ» አለ። «ያን ጊዜ ዳንሰኛው እግሩ ይሰበራል። የጀመረበትን እግር ነው የምገለብጥበት። ልጅ፣ ይሄ መድኃኒት የለውም። አራቱን ቆጠራ ከመመለስ በቀር።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩትም? አንተን ይሰማሃል።»

«አራት ሴቶች ልጆች አሉኝ አላልኩህም?» ብሎ ደወሉን በጨርቅ ጠቀለለ። «አራቱም ይበላሉ፤ ያውም በጣም ይበላሉ።»

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። መንገር አልነበረብኝም። ሹካውን አስቀመጠ።

«ዘሏል ነው የምትለኝ?»

«አራት ቆጠራ።»

«‹ካጓስ› ላይ?»

«አዎ።»

«እሑድ እመጣለሁ» አለ። «ፊት ነው የምቆመው። ከተገለበጠ አጨበጭባለሁ።»

«አባዬ!»

«ልጄ ነህ ብዬ አልተውም። ሌላው ሰው እያጨበጨበ እኔ እጄን ኪሴ ልከት? ምን ይሉኛል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ እሑድ «ኤል ፍላምቦያን» በሚባለው አዳራሽ ሁለት ባንዶች እየተፈራረቁ ይጫወታሉ። መድረኩ ሥር ሃያ ሠላሳ ሰው የማይደንስ አለ፤ እጁን አጣምሮ ያዳምጣል። አለቃቸው ዶኛ ክሪስፑላ ናት፤ የሴቶች ወገብ ማጥበቂያ ኮርሴት እየሰፋች የምትኖር፣ ማራገቢያዋ ከእጇ የማይለይ። ባንዱ ክላቬውን ከገለበጠ ዶኛ ክሪስፑላ ማራገቢያዋን ብብቷ ሥር ትሸጉጥና ትክክለኛውን ክላቬ ማጨብጨብ ትጀምራለች። ሌሎቹ ይከተሏታል። ሠላሳ ጥንድ እጅ አምስቱን ምት ፊትህ ላይ እያጨበጨበ መሳሳትህን ያስተምርሃል። ከብሩክሊን የመጣ አንድ ባንድ መሃል ላይ አቁሞ ዕቃውን ሲጠቀልል በዓይኔ አይቻለሁ። ፒያኖ ተጫዋቹ ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኗል ይላሉ። ፒያኖ ተጫዋች ደግሞ በዚህ ነገር ቀድሞ የሚሰደብ ነው፤ ክላቬውን በጣቱ የሚይዘው እሱ ነዋ።

ስለዚህ ወደፊትም ገደል ወደ ኋላም ገደል ነበር። የታዘዝኩትን ብጫወት ሕዝቡ፣ ያውም የገዛ አባቴ፣ ያጨበጭብብኛል። ያልታዘዝኩትን ብጫወት ኮፍያዬን እቀበላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ድፍረቴን ሰብስቤ ማኤስትሮውን ፍለጋ ወጣሁ። ፀጉር ቤት አገኘሁት፤ ፊቱ እስከ ዓይኑ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ወደ ኋላ ተንጋሎ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየሳለ በአገጩ ጠቆመኝ፤ ተናገር ማለቱ ነው።

«ማኤስትሮ፣ ቼሞ ነኝ። አዲሱ።»

«እ።»

«‹ካጓስ›ን በተመለከተ አንድ ነገር ልል ፈልጌ ነበር።»

«እ።»

«አራቱ ቆጠራ… ምናልባት ስምንት ቢሆኑ ወይም… ሰው ስምንቱን ለምዶታል፤ ሲገባም…»

አረፋው መሃል አንድ ዓይን ተከፈተ። «‹ካጓስ›ን ስጽፍ አንተ ጡት ትጠባ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ማኤስትሮ።»

«ታዲያ ጡትህን ጥባ!»

ወረፋ ይዘው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እሱም ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት። ሳሉ አልቆም አለ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አርቆ ይዞ ጠበቀ፤ እስኪበርድለት የጠበቀበት ሁኔታ ልማድ ያለው ይመስል ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ይህን ልብ አላልኩትም። ጆሮዬ እስኪቃጠል አፍሬ ወጣሁ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙቀቱ ከግድግዳው ላይ ውኃ ያወርዳል። መጀመሪያ የተጫወተው ሌላው ባንድ ነበር፤ ጥሩ ነበሩ፣ እንዲያውም ክፉኛ ጥሩ። ከመድረኩ ሲወርዱ ፒያኖ ተጫዋቻቸው ወንበሩን በመሃረቡ ጠረገልኝና «ሞቅ አድርጌልሃለሁ፣ አታስበርደው» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ከፊት ያሉት ይታዩኛል። ዶኛ ክሪስፑላ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መሃል ላይ ቆማለች። ከእሷ በስተቀኝ አባቴ፣ ራሱ በተኮሰው ሸሚዝ፣ እጁን አጣምሮ። ሰላም አላለኝም። እዚያ የሚቆም ሰው ለማንም ሰላም አይልም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙዚቃዎች በደህና አለፉ። አንደኛው ላይ ትንሽ ቦታ ተሰጠኝና ከሃርለም መስኮት ሥር ያመጣሁትን አንድ ኮርድ አስገባሁ፤ ጎርዶ ቤዙን ይዞ ዘወር ብሎ አየኝና ቅንድቡን አነሣ። ዶኛ ክሪስፑላ ግን ወደ አባቴ ጎንበስ ብላ «ይሄ ከሲታ የማን ነው?» ስትለው ሰማኋት። አባቴ «አላውቀውም» አላት።

ከዚያ ማኤስትሮው ትራምፔቱን ወደ ላይ አነሣ። አዳራሹ ሳይነገረው አወቀ። «ካጓስ!» እያለ አስተጋባ።

ጀመርን። ያ ዜማ እየሄደ ያለው ወደ አንድ ጉድጓድ መሆኑን እያወቁ አብሮ መሮጥ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ መናገር ይከብደኛል። ጣቶቼ የለመዱትን ይሠራሉ፤ ጭንቅላቴ ደግሞ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሠላሳ ሁለት ቀረ። ሃያ አራት። ወስኛለሁ፤ ኖታው ላይ ያለውን እጫወታለሁ። ያጨብጭቡ። አባቴም ያጨብጭብ። ወንበሩን ካገኘሁ በኋላ ሕዝብ ይረሳል። ዐሥራ ስድስት። ስምንት።

ባንዱ ዝም አለ። ማኤስትሮው ብቻውን ቀረ።

ድምፁ እንደ ድሮው መጣ፤ ቀጭን፣ ንጹሕ። ማራገቢያዎች ቆሙ። ጣቶች ተነሡ። አንድ። እኔ የተቀመጥኩት ከጎኑ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ዝቅ ብዬ ነው፤ ከሕዝቡ የተደበቀውን እኔ አያለሁ። ሁለት። የአንገቱ ሥር ገመድ መስሎ ተወጠረ። ትራምፔቱን የያዘው እጁ ከታች ሲንቀጠቀጥ፣ ሌላኛው እጁ እንዳይታይበት ከሥር ሲደግፈው አየሁ። ሦስት። ዓይኑ ውኃ ሞልቶ ነበር፤ ሰምጦ አየር እንደሚፈልግ ሰው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያሳጠረው ስለረዘመ አይደለም። ስምንቱን መያዝ ስላልቻለ ነው። አየር የለውም። ዊሶን ያባረረው ስለተናገረው ነገር አይደለም፤ አንድ ሰው «አራቱን መልስ» ካለው «አልችልም» ማለት ስለሚመጣ ነው።

አራት።

ድምፁ ተበጠሰ። ፊት ያሉት ሰዎች አራተኛው ጣታቸው ላይ ናቸው፤ አምስተኛውን ሊያነሡ ነው። አባቴ የተጣመረ እጁን ፈታ። መዳፎቹ ሊገናኙ ደረቱ ፊት ተለያይተው ቆሙ።

ወሰንኩ ልል አልችልም። ሁለቱ እጆቼ ወረዱ። ቀኝ እጄ የማኤስትሮውን ያችኑ ቀጭን ድምፅ ከተበጠሰችበት ላይ ያዛት፤ ግራ እጄ ሳንቃዬ ላይ ያልነበሩትን ወፍራም ቁልፎች፣ ከሥሯ፣ እንደዚያ እንደ በሩ የማይዘጋውን የሃርለም ኮርድ አድርጎ አነጠፈላት። አምስት።

አሁን ሁሉም ነገር በኢላሪዮ እጅ ነበር። ኖታው ግባ ይለዋል። እሱ ከገባ ባንዱ አብሮት ይገባል፤ እኔ ብቻዬን በተሳሳተ ቦታ እጮኻለሁ፣ ከመገልበጥም የባሰ ይሆናል። አየሁት። ዱላው በአየር ላይ ነበር። አራት ሴቶች ልጆች። ዱላው አልወረደም።

ስድስት። አንዱ ትሮምቦን ግማሽ ድምፅ አውጥቶ ዋጣት። ሌላ ማንም አልገባ። አሥራ አንድ ሰው፣ ወረቀቱ ፊቱ ተዘርግቶ እያለ፣ ወረቀቱን ትቶ ቆጠረ።

ሰባት። ማኤስትሮው ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ያለ ዓይን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ትራምፔቱ ከከንፈሩ ተላቋል፤ ደረቱ እንደ ወናፍ ይሠራል። ኮርዱን አንዴ ለወጥኩት፤ ወደ ቤቱ አዞርኩት። ስምንት።

የኢላሪዮ ዱላ ወረደ፤ አንድ ላይ ገባን፤ ደወሉና ነፋሾቹ፣ ሦስቱ በሦስቱ፣ ሁለቱ በሁለቱ። አዳራሹ ጮኸ። አንዱ «እንዲህ ነው እንጂ!» ሲል ሌላው «ከሲታው! ከሲታው!» ይላል። ዶኛ ክሪስፑላ ማራገቢያዋን ወደ ጣሪያ ወረወረችው። የአባቴ እጆች በተለያዩበት ቆመው ነበር፤ ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት። በመጨረሻ ሸሚዙን አስተካከለባቸው።

ቀሪውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ከመድረክ ስንወርድ ሰው እጄን ይጨብጠኛል፣ ጀርባዬን ይመታኛል፤ ማኤስትሮው ሳያየኝ አልፎኝ ወደ ወጥ ቤቱ መተላለፊያ ገባ። ኢላሪዮ በጎኔ ሲያልፍ «ኮፍያህ የት ነው?» አለኝ።

«ኮፍያ የለኝም።»

«ጥሩ። ሥራውን አቅልለህለታል።»

«አንተስ? ለምን አልመታህም?»

ላቡን ጠረገ። «እጄ እምቢ አለኝ። ለሚስቴ ግን ክንዴ ተኮማትሮ ነው የምላት» ብሎ ሄደ።

ተከትዬ ገባሁ። ማኤስትሮው የቢራ ሣጥኖች ላይ ተቀምጦ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይተነፍስ ነበር። ከውጭ ሌላው ባንድ ሲጀምር ይሰማል። ከፊቱ ቆምኩ። 

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን፣ ማኤስትሮ?»

«አታሹፍብኝ። ስለ ሳንባዬ።»

«ማንም አልነገረኝም። መድረኩ ላይ አየሁ። አንገትዎን።»

«አንገቴን» አለና በመዳፉ ያዘው። «እዚያ የተቀመጠ ሰው እንደሚያየኝ ረስቼው ነበር። ዊሶም አይቷል ማለት ነው?»

«አይመስለኝም። እሱ ቢያይ ኖሮ አይናገርም ነበር።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ጸጸት የመሰለ ነገር አለፈ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ፕላንቴን የሚባለውን ሙዝ የምትጠብሰው ሴት ሳህን ታጋጫለች።

«ሐኪሙ ከሚያዝያ ጀምሮ አትንፋ ብሎኛል» አለ በመጨረሻ። «አትንፋ! ከዚያ በግ ሁን ቢለኝ አይሻልም ነበር? ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ በስድስት መቶ ሰው ፊት፣ ጣትህን ቁስሌ ላይ አደረግህ።»

«ሕዝቡ አላወቀም፣ ማኤስትሮ። አዲስ አሠራር መሰለው።»

«እንደመሰለው አውቃለሁ! እሱ ነው የሚያናድደኝ!» ጮክ ብሎ ጀመረና አየር አጠረው፤ እጁን አነሣ፣ ቆይ ለማለት። ቆየሁ። ላውንደሪው፣ ሽርጡ፣ የእንፋሎቱ ፉጨት ሁሉ ዓይኔ ላይ ነበሩ። «ስንት ሌሊት ተኝቼ አላደርኩም፤ ምን አደርጋለሁ እያልኩ። አንዱ ከሲታ ይመጣል፤ የእኔን ድምፅ ከአፌ ላይ ነጥቆ በዚያ በጥቁሮቹ ኮርድ ያስጌጥልኛል። ያምራልም። ባያምር ኖሮ ኮፍያህን እሰጥህ ነበር።»

«ኮፍያ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ይዘህ ትባረር ነበር!»

ሳቀ። ይህኛው ሳቅ ወደ ሳል ሳይዞር አለቀ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የራሱ የትራምፔት ኖታ ነበር፤ እርሳሱ የሰረዘው ቦታ ላይ ወረቀቱ ሳስቷል። ከደረት ኪሱ ብዕር አውጥቶ ሁለቱንም ዘረጋልኝ።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ‹ካጓስ›ን እንደገና ይጠይቃሉ» አለ። «ዶኛ ክሪስፑላን አውቃታለሁ፤ ካላገኘችው ጣሪያውን ታፈርሳለች። አራቱን ቆጠራ መልሳቸው። ለፒያኖ። ሁሉም ኖታ ላይ ታስገባለህ፤ የኢላሪዮም ላይ፣ እንዳያመካኝ።»

«እሺ፣ ማኤስትሮ።»

«ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ልምምድ አለ። በአሥር ሰዓት ማለት በአሥር ሰዓት ነው።»

ወንበሩን እንደ ሰጠኝ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አራቱን ቆጠራ ሠራሁ፤ ከዚያ እጄ ቆመ። በእነዚያ አራት ቆጠራዎች ላይ ትራምፔቱ የሚነፋው ነገር የለም። ባዶ መተው ደግሞ አይቻልም፤ ኖታ ላይ ዝምታም ይጻፋል።

«እዚህ ለእርስዎ ምን ልጻፍ?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

 ከውጭ በሌላው ባንድ የሚደንሰው ሰው ወለሉን ሲረግጠው መተላለፊያው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዕረፍት ጻፍ» አለ። «እኔ መሃረቤን አውጥቼ ፊቴን እጠርጋለሁ። ሆን ብዬ የማደርገው ይመስላል።»

የዕረፍቱን ምልክት በእሱ ብዕር፣ በእሱ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። እንደ ሌባ በትንሹ ነበር የጻፍኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ አምፖሉ አስጠጋው፣ አራቀው፣ መልሶ ሰጠኝ።

«ትልቅ አድርገው» አለኝ። «ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።»